ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የአሠራር ገላጭ ድርሰት (የገብስ ሾርባ በዕረፍት ቀን)

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፤
1. የአንድን ሥራ አሠራር፣ ሥራውን አይቶ ለማያውቅ ሰው በጽሑፍ ያስረዳሉ፤
2. መጠንን፣ ጊዜንና ምልክትን ለይተው ይጽፋሉ፤
3. ቦዝ አንቀጽን ከማሰሪያ አንቀጽ ጋር አስማምተው ቅደም ተከተልን ይገልጻሉ።

ሀ. መንደርደሪያ

ባለፉት ትምህርቶች ተራኪና ሥዕላዊ ድርሰት ምን እንደሆኑ ተመልክተናል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ነገር ይነግረናል፤ ሥዕላዊ ድርሰት ያለውን ነገር በዓይነ ኅሊናችን ያሳየናል። የአሠራር ገላጭ ድርሰት ግን ከሁለቱም ይለያል። ይህ ድርሰት አንባቢው ጽሑፉን ይዞ አንድን ሥራ በእጁ እንዲሠራ የሚያስችል ነው። ስለዚህም መልካምነቱ የሚለካው በቃላቱ ውበት ሳይሆን በሥራው ውጤት ነው። አንባቢው በጽሑፉ ተመርቶ ሥራውን ከፈጸመ ድርሰቱ ግቡን መትቷል፤ መካከል ላይ ግራ ገብቶት ከቆመ ግን ቃላቱ የቱን ያህል ቢያምሩ ድርሰቱ ወድቋል።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ይሆነን ዘንድ የመረጥነው የገብስ ሾርባን ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ገብስ በጎንደር ዙሪያና በሰሜን ጎንደር ደጋ በየቤቱ የሚገኝ እህል በመሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን የተማሪው ኑሮ ነው። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጃናሞራ ገጠር ወደ ከተማ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚከታተሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እነዚህ ተማሪዎች ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት ይዘው ይመጣሉ። እንጀራው ሲሻግት ወይም ሲያልቅ የሚተርፋቸው በከረጢት ያለው ጥሬ ነው። ጥሬውን ምግብ ማድረግ ደግሞ ሙያና ጊዜ ይጠይቃል። በትምህርት ቀን ብዙ ሰዓት ምድጃ አጠገብ መቆየት አይቻልም፤ በዕረፍት ቀን ግን ይቻላል። ምግብ ማብሰል የሴቶች ሙያ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም ብቻውን ተከራይቶ ለሚኖር ወንድ ተማሪ እራት አይሆነውም።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ስንቁን ሊወስድ ወደ ወላጆቹ ቤት በሄደ ጊዜ ስለ ሾርባ አሠራር እናቱን ጠየቀ እንበል። ንግግራቸው ይህን ይመስላል፤

— እማዬ፣ ለሾርባው ስንት ውሃ ላድርግ?
— የሚበቃውን ያህል ነዋ፣ ልጄ!
— ምን ያህል ጊዜስ ይቆይ?
— እስኪበስል ነው እንጂ! ዓይንህን ጣል አድርግበት፤ ራሱ ይነግርሃል።

የእናቱ መልስ ስሕተት የለበትም። ብዙ ዘመን ሲሠሩት የኖሩ በመሆናቸው መጠኑ በእጃቸው፣ መብሰሉ በዓይናቸው፣ ማረሩም በአፍንጫቸው ይታወቃል። «ራሱ ይነግርሃል» ማለታቸውም እውነት ነው። ሆኖም ሾርባው ምን ብሎ እንደሚነግር ልጁ ገና አያውቅም። እሑድ ዕለት በኪራይ ቤቱ ምድጃውን ሲያቀጣጥል እናቱ አጠገቡ የሉም፤ ገብሱም ጥቂት ስለሆነ ቢያበላሸው የሚተካው የለውም። የዚህ ትምህርት ሥራ በእጅ፣ በዓይንና በአፍንጫ የሚታወቀውን ነገር በዓረፍተ ነገር ማስፈር ነው።

ለ. ጉድለት ያለበት ምሳሌ

በመጀመሪያ የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ። ሾርባ ሠርቶ የማያውቅ ሰው በዚህ ጽሑፍ ተመርቶ ሊሠራ ይችል እንደሆነ አስቡ።

«ሾርባ በጣም ጥሩ ምግብ ነው። መጀመሪያ ገብስ ይጣዳል። ሽንኩርትና ድንችም እንጨምራለን። ገብሱ ከመጣዱ በፊት ግን መታጠብ አለበት። ከዚያ ትንሽ ጊዜ ቆይቶ አውጡት። ጨው በመጠኑ ይደረጋል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ስለሚያፍን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ አምስት ጉድለቶች እናገኛለን።

1. ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። አንባቢው ገብሱን ከጣደ በኋላ መታጠብ እንደነበረበት ይነገረዋል።
2. መጠን የለውም። «በመጠኑ» የሚለው ቃል መጠኑን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ትርጉም ይሰጣል።
3. ጊዜው አልታወቀም፤ የመብሰሉም ምልክት አልተገለጸም። «ትንሽ ጊዜ» ለአንዱ አሥር ደቂቃ፣ ለሌላው ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል።
4. የማሰሪያ አንቀጾቹ መልክ ይለዋወጣል። «ይጣዳል»፣ «እንጨምራለን»፣ «አውጡት» የሚሉት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተደባልቀዋል።
5. ማስጠንቀቂያው ያለ ቦታው ገብቷል።

ከአምስቱ ሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ከዚያም ሳይታወቀው ሊሞት ይችላል። በደጋ አገር ብርድ ስለሚበረታ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ያጓጓል። መመሪያን የሚከተል ሰው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እያነበበ አንድ ሥራ ይሠራል። ማስጠንቀቂያውን በመጨረሻው መስመር ላይ እስኪያገኘው ድረስ ከሰሉ በተዘጋ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ነዶ ይሆናል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው አደጋው ከሚመጣበት ሥራ በፊት ነው።

ሐ. ምንባብ

የገብስ ሾርባ

ገብስ የደጋ እህል ነው። በሰሜን ተራሮች አካባቢ እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ድረስ፣ ጤፍ በማይበቅልበት ብርዳም ምድር ይዘራል። ገበሬው «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንጀራው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ቅንጬውና ጠላው ሁሉ ከእርሱ ይገኛል። በ1919 ዓ.ም. (በ1927 እ.ኤ.አ.) አገራችንን የጎበኘው የሩሲያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭም ኢትዮጵያን የሰብል ዝርያዎች ከሚመነጩባቸው የዓለም ማዕከሎች አንዷ አድርጎ መድቧታል። ከሰበሰባቸው ሰብሎች መካከል ገብስ አንዱ ነበር።

ከገብስ ከሚሠሩት ምግቦች መካከል ሾርባ እጅግ ቀላሉ ነው። ክርስቲያኑ በጾም ቀን በዘይት፣ በፍስክ ቀን በቅቤ ይሠራዋል። በሙስሊሙ ቤት ደግሞ፣ በጎንደር አዲስ ዓለም እንደሚታየው ሁሉ፣ በረመዳን ወር ጀንበር ስትጠልቅ ከሚቀርቡት የማፍጠሪያ ምግቦች አንዱ ሾርባ ነው። ለታመመ፣ ለአራስና ለደከመ ሰውም ይሰጣል። የገብስ ሾርባ ለዕረፍት ቀን ይስማማል የምንለው ጊዜ እንጂ ድካም ስለማይጠይቅ ነው። አንድ ጊዜ ከተጣደ በኋላ ተማሪው አጠገቡ ተቀምጦ ልብሱን ሊያጥብ ወይም መጽሐፉን ሊያነብ ይችላል።

ለአራት ሰው የሚበቃ ሾርባ ለመሥራት የሚከተሉት ያስፈልጋሉ።

ተፈትጎ የተሸረከተ ገብስ፦ 1 የሻይ ብርጭቆ
ውሃ፦ 8 የሻይ ብርጭቆ፣ ለመጠባበቂያም 2 ብርጭቆ ሙቅ ውሃ
ቀይ ሽንኩርት፦ 1 መካከለኛ ራስ
ነጭ ሽንኩርት፦ 3 ፍሬ
ድንች፦ 2 መካከለኛ
ካሮት፦ 1
ዘይት፦ 2 የሾርባ ማንኪያ
ጨው፦ 1 የሻይ ማንኪያ
ቃሪያ፦ 1፣ ለሚወድ ሰው

ካሮት ባይገኝ ሾርባው አይበላሽም፤ በምትኩ አንድ ድንች መጨመር ይቻላል። ገብሱ ግን የተፈተገ መሆን አለበት። ገለባው ያልወጣ ገብስ የቱን ያህል ቢበስል ጉሮሮ ይከረክራል።

ሥራውን የምንጀምረው ቅዳሜ ማታ ነው። ገብሱን በሰፌድ ላይ አድርገን ጠጠሩንና እንክርዳዱን እንለቅማለን። እንክርዳድ የሚያሰክርና ጤና የሚነሣ ስለሆነ ለቀማውን በብርሃን እንሠራለን። ከዚያም ገብሱን በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ያህል፣ ውሃው መደፍረሱን እስኪተው ድረስ እናጥባለን። በመጨረሻም አራት ጣት ያህል ውሃ አልብሰን፣ ከድነን እንዘፈዝፈዋለን። ተዘፍዝፎ ያደረ ገብስ ውሃ ስለሚጠጣ ቶሎ ይበስላል፤ ከሰልም ይቆጥባል።

እሑድ ጠዋት ከሰሉን ከመለኮሳችን በፊት ምድጃውን ከቤት ውጭ እናወጣለን። ዝናብ ቢኖር እንኳ በረንዳ ላይ ወይም በሩና መስኮቱ ወለል ብለው በተከፈቱበት ቦታ እንሠራለን እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አናነድም። ሾርባው ወጥቶ የቀረውን ፍምም ቤት ለማሞቅ ብለን ወደ መኝታ ክፍል አናስገባም።

ከሰሉ ፍም በሆነ ጊዜ ድስቱን ጥደን፣ በደቃቁ የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት እናቁላላለን። ሽንኩርቱ እንዳያርር ያለ ማቋረጥ እናማስለዋለን፤ መድረቅ ከጀመረም ውሃ ጠብ እናደርግበታለን። ሽንኩርቱ ለስልሶ ጥሬ ሽታው ሲጠፋ ዘይቱንና የተቀጠቀጠውን ነጭ ሽንኩርት እንጨምራለን። የነጭ ሽንኩርቱ መዓዛ ከድስቱ ሲወጣ ስምንቱን ብርጭቆ ውሃ እንጨምርበታለን።

ውሃው እንደፈላ፣ ተዘፍዝፎ ያደረውን ገብስ ውሃውን አጥልለን እንጨምረዋለን። እንዳይገነፍል ክዳኑን ገርበብ እናደርጋለን። እንደገና መፍላት ሲጀምር ፍሙን ቀንሰን፣ ቀስ እያለ እንዲንተከተክ እንተወዋለን። በየአሥር ደቂቃው ማማሰያውን እስከ ድስቱ ወለል አድርሰን እናማስላለን፤ ገብስ ከታች ይዞ ማረር ይወዳልና። በጎንደር ከተማ ገብሱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ይሁን እንጂ ሰዓት ብቻውን አይበቃም። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በአነሰ ሙቀት ይፈላል። ልዩነቱም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በመተማ ውሃ በ98 ዲግሪ ገደማ፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው በጎንደር በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው በደባርቅ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የደባርቁ ድስት በኃይል እየፈላም ከጎንደሩ ድስት ይቀዘቅዛል ማለት ነው፤ እሳት ብንጨምርበትም ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለሆነም በጎንደር አንድ ሰዓት የፈጀ ገብስ በደባርቅ ከዚያ በላይ ይቆያል። ገብሱ ያረጀ ከሆነ ወይም ሳይዘፈዘፍ ከተጣደም ጊዜው ይረዝማል።

በዚህ ምክንያት ከሰዓቱ ይልቅ ምልክቱን እንከተላለን። ሰዓቱ ሲደርስ ሦስት ፍሬ ገብስ በማንኪያ አውጥተን፣ አቀዝቅዘን በሁለት ጣቶቻችን መካከል እንጫናቸዋለን። ፍሬው ተጨፍልቆ በውስጡ ነጭና ጠንካራ ነገር ካልቀረ በስሏል። ጠንካራ ነገር ከቀረው አሥር ደቂቃ ጨምረን እንደገና እንፈትናለን። ሦስት ፍሬ የምናወጣው አንዱ ፍሬ ቀድሞ የበሰለ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ገብሱ መብሰሉን ካረጋገጥን በኋላ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ የተከተፉትን ድንችና ካሮት እንጨምራለን። እነዚህ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃሉ። ድንቹ በማንኪያ ጠርዝ ሲነካ ያለ ትግል ከተቆረጠ ደርሷል። ድንቹንና ገብሱን አንድ ላይ ጥደን ቢሆን ኖሮ ገብሱ እስኪበስል ድረስ ድንቹ ሟምቶ ይጠፋ ነበር።

ቀጥለን ጨውና ቃሪያ እንጨምራለን። ጨውን በመጨረሻ ላይ የምንጨምረው ሾርባው ሲንተከተክ ውሃው ስለሚያንስ ነው፤ በመጀመሪያ የተመጠነ ጨው በመጨረሻ ይበዛል። የውፍረቱን መጠን ለማወቅ ማንኪያውን ነክረን እናወጣለን። ሾርባው የማንኪያውን ጀርባ በስሱ አልብሶ በጠብታ የሚወርድ ከሆነ መልካም ነው። እንደ ውሃ ወርዶ ካለቀ ቀጥኗል፤ ክዳኑን ከፍተን ጥቂት እናቆየዋለን። እንደ ገንፎ ተቆልሎ ከቀረ ወፍሯል፤ በመጠባበቂያ ባስቀመጥነው ሙቅ ውሃ እንከልሰዋለን። ቀዝቃዛ ውሃ ብንጨምርበት መፍላቱን ያቋርጥብናል።

በመጨረሻም ድስቱን አውርደን፣ ከድነን አሥር ደቂቃ ካቆየነው በኋላ ከዳቦ ወይም ከቂጣ ጋር እናቀርበዋለን። ገብሱ ከወጣም በኋላ ውሃ መጠጣቱን ስለማይተው የተረፈው ሾርባ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ለእራት ስንፈልገው ሙቅ ውሃ ጨምረን፣ እስኪፈላ ድረስ አሙቀን እንበላዋለን።

መ. የቃላት ጥናት

የወጥ ቤት አማርኛ ረቂቅ ነው። አንዱን ቃል በሌላው መተካት አንባቢውን ያሳስታል። የሚከተሉትን ቃላት ከነፍቻቸው አጥኑ።

ፈተገ፦ እህልን በጥቂት ውሃ አርሶ በሙቀጫ በመውቀጥ ገለባውን ለየ።
ሸረከተ፦ እህልን ዱቄት ሳያደርግ በሻካራው ፈጨ።
ዘፈዘፈ፦ እንዲርስ በውሃ ውስጥ አስቀምጦ አቆየ።
አቁላላ፦ ሽንኩርትን በድስት እያማሰለ አበሰለ።
ፈላ፦ ውሃው ከሙቀት የተነሣ አረፋ እያወጣ ተናወጠ።
ተንተከተከ፦ በአነስተኛ እሳት ቀስ እያለ ፈላ።
ገነፈለ፦ ሲፈላ ከዕቃው አፍ አልፎ ፈሰሰ።
አረረ፦ ከእሳት ብዛት ወይም ከውሃ ማነስ የተነሣ ከሰለ።
ከለሰ፦ የወፈረውን ወጥ ወይም ሾርባ ውሃ ጨምሮ አቀጠነ።

«ፈላ»፣ «ተንተከተከ»ና «ገነፈለ» የአንድ ነገር ሦስት ደረጃዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። «ይፍላ» ብለን «ይንተከተክ» ማለት ሲገባን ከቀረን፣ አንባቢው እሳቱን ሳይቀንስ ውሃውን ይጨርሰዋል።

«ሾርባ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባ የውሰት ቃል ነው። ዐረቦች «ሹርባ»፣ ቱርኮች «ቾርባ» ይሉታል። ዛሬ ግን በቋንቋችን ሥር ከመስደዱ የተነሣ የመለኪያ ስም እስከ መሆን ደርሷል፤ ወጥ የማናወጣበትን ማንኪያ እንኳ «የሾርባ ማንኪያ» እንለዋለን። «መረቅ» ግን የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው፤ በዐረብኛም ሆነ በዕብራይስጥ በድምፅም በትርጉምም የሚቀርበው ቃል ይገኛል።

ሠ. ሰዋስው

1. የማሰሪያ አንቀጽ መልክ

የአሠራር ገላጭ ድርሰት በሦስት ዓይነት ማሰሪያ አንቀጽ ሊጻፍ ይችላል።

በትእዛዝ፦ ገብሱን እጠቡ።
በተደራጊ ግሥ፦ ገብሱ ይታጠባል።
በአንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር፦ ገብሱን እናጥባለን።

ሦስቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን አንዱን ከመረጥን እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት አለብን። ምንባባችን በአንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር የተጻፈ ነው። ጉድለት ያለበት ምሳሌ ግን ሦስቱንም ስለደባለቀ ሠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

2. የቦዝ አንቀጽና የማሰሪያ አንቀጽ ስምምነት

ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገሩን አያሥርም፤ ተከታታይ ሥራዎችን ወደ ማሰሪያው አንቀጽ ያደርሳል። ሥራዎቹን የሚሠራው አንድ ባለቤት ከሆነ ቦዙና ማሰሪያው በመደብና በቁጥር ይስማማሉ።

ትክክል፦ ድስቱን አውርደን፣ ከድነን፣ አሥር ደቂቃ እናቆየዋለን።
ስሕተት፦ ድስቱን አውርደው፣ ከድነን፣ አሥር ደቂቃ ይቆያል።

በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ያወረዱት ሌሎች፣ የከደንነው እኛ፣ የሚቆየውም ድስቱ ሆኗል።

3. ጊዜንና ምልክትን የሚገልጹ ቅጥያዎች

እስክ– ... ድረስ (የሥራውን ማብቂያ ያሳያል)፦ ውሃው መደፍረሱን እስኪተው ድረስ እናጥባለን።
እንደ– (ያለ መዘግየት መከተልን ያሳያል)፦ ውሃው እንደፈላ ገብሱን እንጨምራለን።
ከ– ... በኋላ (ቅደም ተከተልን ያሳያል)፦ ገብሱ መብሰሉን ካረጋገጥን በኋላ ድንቹን እንጨምራለን።
ከ– ... በፊት (ቀድሞ የሚሠራውን ያሳያል)፦ ከሰሉን ከመለኮሳችን በፊት ምድጃውን እናወጣለን።
እንዳይ– (ሊወገድ የሚገባውን ያሳያል)፦ እንዳይገነፍል ክዳኑን ገርበብ እናደርጋለን።

ከእነዚህ ሁሉ ለአሠራር ገላጭ ድርሰት እጅግ የሚጠቅመው «እስክ– ... ድረስ» ነው፤ ምልክትን የሚይዘው እርሱ ነውና። ሆኖም ከ«እስክ–» ቀጥሎ የሚመጣው ነገር በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ወይም በአፍንጫ የሚሸተት መሆን አለበት። «እስኪበስል ድረስ» ብሎ ማቆም የእናትየውን መልስ መድገም ነው። «ፍሬው በጣት ሲጫኑት እስኪጨፈለቅ ድረስ» ስንል ግን መብሰሉን ለማያውቀው ሰው እናሳየዋለን።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ገብሱ ተዘፍዝፎ ማደሩ ምን ጥቅም ይሰጣል?
2. በደባርቅ ገብስ ለማብሰል ከጎንደር ይበልጥ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ለምንድን ነው? እሳት መጨመርስ ለምን አይረዳም?
3. ድንቹ ከገብሱ ጋር አንድ ላይ የማይጣደው ለምንድን ነው?
4. ጨው በመጨረሻ ላይ የሚጨመርበትን ምክንያት አስረዱ።
5. ከሰልን የሚመለከተው ማስጠንቀቂያ በምንባቡ ውስጥ በየትኛው ቦታ ገባ? ቦታው ተገቢ የሆነው ለምንድን ነው?

መልመጃ ሁለት። ባዶውን ቦታ ከቃላት ጥናቱ ተስማሚውን ቃል በትክክለኛው መልክ በማስገባት ሙሉ።

1. ክዳኑ ጥብቅ ስለነበር ወተቱ ____ እሳቱን አጠፋው።
2. ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ ____ ስላደረ ቶሎ በሰለ።
3. ወጡ በጣም ስለወፈረ ሙቅ ውሃ ጨምራ ____።
4. ሳይማሰል የቆየው ሽንኩርት ____ ቤቱን በጭስ ሞላው።
5. እሳቱን ቀንሱና ሾርባው ቀስ እያለ ____።

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በ«እስክ– ... ድረስ» ተጠቅማችሁ፣ በስሜት ሕዋሳት የሚታወቅ ምልክት እየጨመራችሁ እንደገና ጻፉ።

ምሳሌ፦ ገብሱን ለቆሎ ትንሽ ጊዜ እንቆላለን።
መልስ፦ ገብሱን ለቆሎ ቡናማ ቀለም እስኪይዝና መዓዛው እስኪወጣ ድረስ እንቆላለን።

1. ቡናውን ጥቂት ጊዜ እናፈላለን።
2. ሊጡን በደንብ እናቦካለን።
3. ልብሱን በሚገባ እናጥባለን።
4. ቅጠሉን ጥቂት ቀን በፀሐይ እናደርቃለን።

መልመጃ አራት። በ«ለ» ክፍል የቀረበውን ጉድለት ያለበት አንቀጽ፣ ማሰሪያ አንቀጾቹን ሁሉ በትእዛዝ መልክ አድርጋችሁና ቅደም ተከተሉን አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉት።

መልመጃ አምስት። ድርሰት

ከቤተ ሰባችሁ ወይም ከጎረቤት አንድ ሙያ የሚያውቁ ሰው ምረጡና አሠራሩን ጠይቁ። የምስር ወጥ፣ አጥሚት፣ በሶ፣ ድፎ ዳቦ ወይም የመሰለውን መምረጥ ትችላላችሁ። የሚነግሯችሁ ሰው «የሚበቃውን ያህል» ወይም «እስኪበቃው» ባሉ ቁጥር በአክብሮት «በምን አወቁት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ጻፉ። የሚለኩበትን እፍኝ ወይም ጣሳ በሻይ ብርጭቆ ለክታችሁ መዝግቡ፤ እፍኝ እንደ እጁ ስፋት ይለያያልና። ከዚያም ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የአሠራር ገላጭ ድርሰት አዘጋጁ።

ጽሑፉን ስትጨርሱ ያንን ምግብ ሠርቶ ለማያውቅ የክፍል ጓደኛችሁ ስጡት። ጓደኛችሁ በዕረፍቱ ቀን በጽሑፋችሁ ተመርቶ ይሥራው። እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ አደጋ ካልመጣ በቀር ግን አንድ ቃል አትናገሩ። ሥራውን አቋርጦ የጠየቃችሁን ጥያቄ ሁሉ በማስታወሻችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከድርሰታችሁ የጎደለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የጎደሉትን ዓረፍተ ነገሮች በየቦታቸው አስገብታችሁ ድርሰቱን እንደገና ጻፉና ለመምህራችሁ አስረክቡ።